ባቡሩ የወሰደው ጎል

በከተማችን በብሮዶቭ የበረዶ ሆኪ አዳራሹ የተሠራው ከባቡር ሐዲዱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። የዕቃ ባቡር ሲያልፍ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። እንግዳ ቡድኖች በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ ያማርራሉ። እኛ ግን ባቡሩ ሲመጣ ዝም ብለን እንጠብቃለን፤ ሲያልፍ ስድባችንን ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ስለ ሚላዳ ለማውራት ከባቡሩ መጀመር ግድ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ከሁለት ነገር ጋር ነውና፦ ከባቡርና ከፍየሎቹ ጋር። ፍየሎቹ የምንለው ቡድናችንን ነው። ማሊያቸው ላይ ቀንዳም ፍየል አለ። ለምን ፍየል እንደተመረጠ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የተጋጣሚ ደጋፊዎች ግን ጎል በገባብን ቁጥር በአንድ ድምፅ «ሜኤኤ» ይሉብናል።

ሚላዳ ልጅ ሳለች አዳራሹ ጣሪያ አልነበረውም። በረዶ ሲጥል አካፋ ይዞ ሜዳውን ለጠረገ መግቢያው በነጻ ነበርና እሷም ከወንዶቹ ጋር እየተጋፋች ትጠርግ ነበር። ከዚያ አደገች፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የመኪና መንገዱ ሐዲዱን በሚያቋርጥበት ቦታ የመንገዱ መዝጊያ ጠባቂ ሆና ተቀጠረች፤ አገባች፤ ሴት ልጇን ዳረች፤ ባሏን ቀበረች። ሥራዋ በፈረቃ ነበር። የጨዋታ ምሽት ደግሞ፣ ማን እንደረገማት እንጃ፣ ሁልጊዜ እሷ ፈረቃ ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ፍየሎቹን ለብዙ ዓመታት የምታውቃቸው በሬዲዮ ብቻ ነበር። ጨዋታው ሲጦፍ ባቡሩ ካለፈ በኋላም መዝጊያውን ቶሎ አታነሣም ይባላል፤ ቆሞ የሚጠብቀው ባለመኪና ሁሉ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከጥበቃ ጎጆዋ የሚወጣውን ሬዲዮ አብሯት ያዳምጥ ነበር። እውነት ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቋት «ውሸት ነው!» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አንድ ሁለቴ ቢሆን ነው» ትላለች።

ፍየሎቹ በዚያ ሁሉ ዘመን ወደ ትልቁ ሊግ ያለፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ምሽት ሚላዳ ጎጆዋ ውስጥ ነበረች። ጨዋታው እኩል ለእኩል አልቆ ተጨማሪ ሰዓት ገብቷል። ቀድሞ ያገባ ያልፋል። የሬዲዮው ተራኪ ትንፋሹ እየተቆራረጠ «አሁን... አሁን...» ሲል የድንጋይ ከሰል የጫነ ባቡር መጣ። እሷ ባንዲራዋን ይዛ ደጅ መቆም ነበረባት፤ ሥራዋ ነው። ባቡሩም ጅራቱ አላልቅ አለ። አልፎ ስትመለስ ሬዲዮው ውስጥ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ ይዘፍናል። ጎሉ ገብቶ አብቅቷል። እንዴት እንደገባ የጠየቀቻቸው ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ነገሯት። ፍየሎቹ በዓመቱ ተመልሰው ወረዱ፤ ሚላዳም ያንን ጎል ሳታየውም ሳትሰማውም ቀረች። እስከ ዛሬ «ባቡሩ ወሰደብኝ» ነው የምትለው።

ጡረታ እንደወጣች መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የዓመት ትኬት መግዛት ነበር። ወንበሯ ከትልቁ ሰዓት ሥር፣ ከእኔ ጎን ነው። እኔ ቪት እባላለሁ፣ እሷ ስታቆላምጠኝ ቪቴክ ትለኛለች፤ የዳቦ መኪና ሾፌር ነኝ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ስለምንኖር ወደ ጨዋታ የምንሄደውም የምንመለሰውም አብረን ነው። በመንገድ ላይ ሁሌ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «ቪቴክ፣ እነዚህ ፍየሎች አንዴ ተመልሰው ሲያልፉ በዓይኔ ልየው እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ያለፈው የውድድር ዘመን ሊጀመር ሲል፣ ነሐሴ ላይ፣ ወደ ዓይን ሐኪም የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ትሑትና ቀጥተኛ።

«ወይዘሮ ሚላዳ፣ እየደከመ ያለው የዓይንዎ መሀል ነው» አለቻት። «ዳር ዳሩ ይቆይልዎታል። ፊት ለፊት ትክ ብለው የሚያዩት ነገር ግን እየደበዘዘ ይሄዳል።»

«የሆኪ ጎማ ማየት እችላለሁ?»

ሐኪሟ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። የሚላዳን ፊት ስታይ ፈገግታዋን ሰበሰበች። ሆኪ የሚጫወቱባት ጎማ እኮ ክብ ጥቁር ቁራጭ ናት፤ ጤነኛ ዓይንም ያጣታል።

«የዘንድሮውን ጨዋታ ምናልባት ያዩ ይሆናል» አለች። «ስለሚቀጥለው ዓመት ግን ቃል ልገባልዎት አልችልም።»

መኪናው ውስጥ ስንገባ ሚላዳ ቀበቶዋን አሰረች። ከዚያ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለችኝ።

«ለምን?»

«ኦታ ከሰማ እጄን ይዞ ደረጃ ላውጣሽ ማለት ይጀምራል። ከእሱ እጅ ደግሞ የአሳማ ስብ አይጠፋም።»

ኦታ ሥጋ ሻጭ ነው። ከፊታችን የብረት አጥሩን ተደግፎ ነው የሚቆመው፤ ትከሻው ግማሽ ሜዳ ይጋርዳል። ከወታደር ቤት ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ በብሮዶቭ ሜዳ አንድ ጨዋታ አምልጦት አያውቅም፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ለሁሉም ይናገራል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። በመጀመሪያው ጨዋታ ሁለት ለዜሮ ተመራን። አጥቂዎቻችን በሩ አፍ ላይ ሆነው ጎማዋን ወደ መስታወቱ ይለጓታል፤ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ። ሚላዳ በረዳትና ሻይ ልትገዛ ሻይና ቋሊማ ወደሚሸጥበት ኮሪደር ወጣች። ወዲያው አገባን። በደስታ ሻይዋን እያንጠባጠበች ተመለሰች፤ ገና ቁጭ ስትል ሦስተኛ ጎል ተቆጠረብን። ሻይ የፈሰሰበትን ጓንቷን ልታጥብ ወጣች፤ አገባን። እጇን እያደረቀች ሳለ ደግሞ ሌላ አገባን። ሦስት እኩል።

ኦታ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ዞረ።

«ማነው የወጣው?»

«ሚላዳ ናት» አልኩት።

«ቅድምም እሷ ነበረች?»

«ኧረ ተው ኦታ!»

«ቅድምም እሷ ነበረች ወይ ነው የምልህ!»

ሚላዳ ስትመለስ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ መንገድ ዘጋባት።

«ወዴት ነው?»

«ወንበሬ ላይ ነዋ!»

«የኔ እመቤት፣ ጠልቼሽ አይደለም። አንቺ ስታዪያቸው ያፍራሉ መሰለኝ። አንዷን ጎል ብቻ እናግባ፤ ከዚያ ትገቢያለሽ።»

«ታዲያ ትኬት የገዛሁት ቋሊማ ላሸት ነው?»

«ቋሊማው በኔ ይሁን!»

ረድፉ በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ተመልሳም ወጣች። አራት ለሦስት አሸነፍን። ኦታ ቃሉን አክብሮ ቋሊማ ከሰናፍጭና ከዳቦ ጋር ገዛላት፤ በግንባሯም ላይ ሳማት።

ነገሩ እንዲህ በሳቅ ተጀመረና ሳናስተውለው ሕግ ሆነ። ጨዋታው ሲከብደን ኦታ ዞር ብሎ ያያታል፤ እሷም ጓንቷን ይዛ ትነሣለች። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ከጥቅምት ጀምሮ የጨዋታ ካልሲዬን አላጠብኩም፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኅዳር ላይ አንድ ቀን «ዛሬ እግሬን አሞኛል፣ አልወጣም» አለችና ተቀመጠች። የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ተሸነፍን። ማንም አልወቀሳት። ክፉው እሱ ነበር፤ ማንም ምንም አላለም፤ ኦታም የወትሮውን «ደህና ግቢ» ሳይላት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሳይሏት ራሷ ትወጣ ጀመር።

እኔ በግኜ ነበር። አንድ ምሽት ደረጃችን ላይ ያዝኳት።

«ሚላዳ፣ ዓይንሽ ያለው ዘንድሮ ነው። እሱንም ቋሊማ መጥበሻ ሥር ልትጨርሺው ነው?»

«እያሸነፉ እኮ ነው ቪቴክ። ሁለተኛ ነን።»

«አንቺ ስለወጣሽ ነው የሚያሸንፉት?»

«አላውቅም። አንተ ታውቃለህ?»

«በሚገባ ነዋ! በረኛችን ጎበዝ ስለሆነ ነው!»

«ካልሲህን መቼ ነው ያጠብከው?»

ክንዴን መታ መታ አድርጋ ወደ ቤቷ ገባች። እውነቱን ለመናገር ያን ምሽት በጣም አዘንኩላት። የምትወደውን ነገር ማየት ፈልጋ፣ እንዳይጎዳባት ብላ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሠራ ሰው የትም የለም፤ ብሮዶቭ ውስጥ ግን ማንም ይሠራዋል።

ኮሪደሩ ግን ያልጠበቅነውን ነገር አመጣ። መጀመሪያ ላይ ጎል ሲገባ ኦታ እንደ በሬ እየሮጠ ይወጣና «ገባ! ገባ!» እያለ ይንጣት ነበር።

«እንዴት ገባ?»

«ገባ ነዋ! ምን እንዴት አለው?»

«ኦታ፣ በእኔ ሥራ ‹ባቡር መጣ› ብሎ ስልኩን የሚዘጋ ሰው ቢኖር ሕዝብ ያልቅ ነበር። ከየት መጣ? በየትኛው መስመር? ማን አቀበለው? በረኛው የት ነበር? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ!»

ኦታ ራሱን አከከ። ከዚያ ከቋሊማ ሻጯ መስኮት ላይ አንድ ቋሊማ አነሣ፣ ዳቦውን ቆራረሰ፣ የሰናፍጩን ጠርሙስ መሀል ላይ አቆመ። «ይኸውልሽ፣ ሰናፍጩ በረኛቸው ነው። ይሄ ዳቦ ከግራ መጣ...» አለ። የሻጯ ጠረጴዛ ተለቀለቀ፤ ሚላዳ ግን ጎሉን አየችው።

እስከ ታኅሣሥ ኦታ የተዋጣለት ተራኪ ሆነ። ከበሮ የሚመቱት ወጣቶችም «አክስቴ ሚላዳ፣ ዛሬ የኔ ተራ ነው» እያሉ በሩ ላይ ይጋፉ ነበር። አንዱ ማጋነን ይወዳል፤ እሱ ሲነግራት ጎማዋ በሦስት ሰው እግር መሀል ሳታልፍ አትገባም። «አንተ ደግሞ ጎልህን ትንሽ ቀንስ» ትለዋለች።

በጥር ሐኪሟ ነገሩ ከታሰበው ፈጥኗል አለቻት። ሚላዳ ሰውን ለማየት አንገቷን ወደ ጎን ሰበር ማድረግ ጀመረች፤ በዓይኗ ዳር ነው የምታየው። በየጨዋታው የፕለም ማርማላታ የሞላችበትን ትንንሽ ዳቦ ታመጣልን ነበር። አንድ ቀን በስኳር ፈንታ ጨው ነስንሳበት መጣች። ረድፉ በሙሉ አንድ አንድ ጎርሶ እርስ በርሱ ተያየ። ኦታ ሦስት በላ።

«አዲስ አሠራር ነው መሰለኝ» አለ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ምነው ሚላዳ፣ እንደ ዶሮ በጎን ታዪኝ ጀመር? ጥሬ ልበትንልሽ?» አላት።

ሰው ሳቀ። ሚላዳም ሳቀች። እኔ ግን ከልጆቹ ከበሮውን ነጥቄ ኦታ ራስ ላይ ብሰብረው ደስ ባለኝ። ቃል ስለገባሁ ዝም አልኩ።

መጋቢት ሲገባ የማጣሪያው ጊዜ ደረሰ። በእኛ ዘንድ ያኔ ወንድ ሁሉ ጢሙን ይተዋል፤ ቡድኑ እስኪሸነፍ ወይም እስኪያልፍ ምላጭ አይነካም። የባንኩ ሥራ አስኪያጅም ቄሱም አንድ ይመስላሉ። ፍየሎቹ አንዱን ጣሉ፣ ሌላውን ጣሉ፤ የመጨረሻው ላይ ከጎረቤት ከተማ ከሆርካ ጋር ተገጣጠሙ። አራት ጊዜ ያሸነፈ ወደ ትልቁ ሊግ ይወጣል። ሦስት እኛ፣ ሦስት እነሱ። ሰባተኛው ጨዋታ በብሮዶቭ ሆነ።

ያን ቀን ወደ አዳራሹ ስንሄድ ለመጨረሻ ጊዜ ሞከርኩ።

«ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን ነዋ።»

«አዝነውልኝ አስቀምጠውኝ ቢሸነፉስ? ዕድሜ ልኬን ‹ያቺ ዕውር› ልባል ነው?» አለችኝ። «ቪቴክ፣ እኔ ሲያልፉ ማየት ነው የምፈልገው። ካልወጣሁ ላያልፉ ይችላሉ፤ ከወጣሁ አላይም። አንተ ብልህ ከሆንክ እስቲ ይህን ፍታልኝ።»

እኔ ዳቦ ነው የማመላልሰው። ምን እፈታለሁ?

ሁለት እኩል ሆነን ተጨማሪ ሰዓት ገባን። የሆርካ ደጋፊዎች ወዲያ ማዶ ሆነው «ሜኤኤ» ይላሉ። የእኛ ከበሮዎች ዝም ብለዋል። ኦታ ዞረ። ጢሙ ደረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። አፉን ከመክፈቱ በፊት ሚላዳ የሻይ ኩባያዋን ይዛ ተነሣች። አልከለከልኳትም። ደረጃውን ይዛ ወጣች፤ ሁለት ሦስት ደረጃ ሲቀራት ጣሪያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የዕቃ ባቡር ነበር።

ቀጥ ብላ ቆመች። ሁላችንም ልማዳችን ነውና ዝም ብለን ጠበቅን። ባቡሩ ረጅም ነበር። ከጀርባዋ ሆኜ አያታለሁ። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ ፊቷን አዙራ ወረደች።

«ምን ረሳሽ?» አለ ኦታ።

«አልወጣም።»

«ምን?»

«አልወጣም አልኩህ።»

«ሚላዳ! አንዲት ጎል እኮ ናት! ዓመቱን ሙሉ ስትወጪ ከርመሽ ዛሬ...»

«ዓመቱን ሙሉ ስለወጣሁ ነው ዛሬ የማልወጣው።»

«ብንሸነፍስ?»

«ስንሸነፍ አየዋለሁ።» ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘችው። «ኦታ፣ ዓይኔ እየጠፋ ነው። ነሐሴ ላይ ነው የነገሩኝ። አሁን ራሱ ፊትህ መሀሉ የለም፤ ጆሮህና ጢምህ ብቻ ነው የሚታየኝ። በመስከረም በድምፅህ ነው የማውቅህ። አንድ ጊዜ ባቡር ወስዶብኛል፤ ይሄኛውን ለኮሪደር አልሰጥም።»

ማዶ «ሜኤኤ» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ኦታ እኔን አየኝ፤ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁለት። ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ተቀጣ ተማሪ አንገቱን ደፋ።

«ጥሬ ልበትንልሽ አልኩሽ እኮ» አለ።

«አዎ። ቀልዱ ጥሩ ነበር።»

ኦታ ኩባያውን ከእጇ ወሰደ፤ በዚያ ስብ በማይጠፋው እጁ ክንዷን ያዘና ከብረት አጥሩ ጋር፣ እሱ ዕድሜውን ሙሉ በቆመበት ቦታ ላይ አቆማት። «ከዚህ ነው ደህና የሚታየው» አለ። ከዚያ ወደ ደረጃው ሄደ።

«አንተስ ወዴት ነው?» አለችው።

«ኮሪደሩ ባዶ መሆን የለበትማ!»

ከወታደር ቤት ወዲህ አንድ ጨዋታ ያላመለጠው ኦታ ደረጃውን ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ።

የሆርካ አጥቂ የበራችንን ቋሚ ብረት ሲመታ ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች። ሚላዳ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በሁለት እጇ ብረቱን ጨብጣ ቆማለች። ከዚያ ተከላካያችን፣ ዓመቱን ሙሉ «አንተ ቁም ሣጥን!» እያልን የምንሰድበው፣ ከሩቅ ጎማዋን ለጋት። ደካማ ምት ነበር። በራቸው ፊት ስድስት ሰባት ሰው እርስ በርሱ ተደራርቦ ወደቀ። አዳራሹ በሙሉ ያንን ክምር አፍጥጦ ያያል። ሚላዳ መሀሉን ማየት አትችልም፤ የምታየው ዳር ዳሩን ነው።

«ገባ!» ብላ ጮኸች። «ከቋሚው ሥር ገባ!»

ከእሷ በኋላ ነው ቀዩ መብራት የበራው፤ ከመብራቱ በኋላ ነው የዳኛው እጅ የተዘረጋው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። አለቀስኩ። የባንክ ሥራ አስኪያጁ ጉንጬን ሳመኝ፤ ጢሙ ወጋኝ። ሚላዳ ከዚያ ሁሉ መተቃቀፍ ውስጥ እጅጌዬን ይዛ ጎተተችኝ።

«ኦታ ጋ ውሰደኝ።»

ኮሪደሩ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ቋሊማ ሻጯ እንኳ ትታው ገብታለች። ኦታ የሚላዳን ኩባያ እንደያዘ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል።

«ገባ አይደል?» አለ ሳይዞር።

«ገባ።»

«አየሽው?»

«በዚህች ዓይኔ አየሁት» አለችው፤ ያኔ እሷም አለቀሰች። «ና ቁጭ በል። ቋሊማ ስጠኝ። ነገርን ከሥሩ ነው የምነግርህ።»

ሰናፍጩን በረኛ አደረገችው፤ ቁራሹን ዳቦ ክምር አድርጋ ደረደረች፤ ቁም ሣጥኑን በትልቅ ቋሊማ ወከለችው። ኦታ ጢሙን በእንባ እያራሰ ሰማት። ሲያልቅ «እስቲ ድገሚልኝ» አለ፤ ደገመችለት።

ሐኪሟ እንዳለችው ሆነ። በዚህ መስከረም ሚላዳ ፊት አትለይም። ደረጃውን የምትወጣው ኦታ እጅ ይዟት ነው፤ ስለ ስቡ መነጫነጯን አልተወችም። በትልቁ ሊግ የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ አጥሩ ጋ አቆምናት፤ ኦታ በግራዋ፣ እኔ በቀኟ። ሁለት ለዜሮ ስንመራ ከከበሮ መቺዎቹ አንዱ ፈራ ተባ እያለ ጠየቀ።

«አክስቴ ሚላዳ... ሕጉ አሁንም አለ እንዴ?»

«ሕጉ የሚለው ‹ሚላዳ ካየች› ነው» አለ ኦታ። «አሁን አታይም።»

ሁላችንም ደነገጥን። ኦታ ራሱ ያለው ነገር የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሚላዳ ግን ብረቱን እየደበደበች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አበጀህ! ትኬቴ ሕጋዊ ሆነ በለኛ!»

በጨዋታው ሦስተኛና የመጨረሻ ክፍል አገባን። በትልቁ ሊግ ከዚያ ሁሉ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያችን ነበር። አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። ሚላዳ ወደ ኦታ ዞራ ክንዱን ጨበጠች፤ ኦታ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብሎ «ከግራ ነው የመጣው፣ እና...» እንዳለ ጣሪያው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ኦታ አፉን ዘጋ። እጇን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ሜዳው ላይ ጨዋታው ተጀምሯል፣ እኛ እያጠቃን ነው፣ እሱ ግን ፊቱን ወደ በረዶው አላዞረም። ባቡሩ በጣም ረጅም ነበር። የመጨረሻው ፉርጎ አልፎ ጣሪያው ጸጥ ሲል ጎንበስ አለና ከሥሩ ጀመረላት።